የማናለብሽ ውል

ስለ ማናለብሽ ለመጻፍ የሚገባው ሰው እኔ አይደለሁም። በደንብ አላውቃትም። ቤቷ ሄጄ አላውቅም። የአባቷን ስምና ዕድሜዋን የማውቀው ውል ላይ ስለጻፍኩት ብቻ ነው። የቀረው፣ እንጅባራ ከሚገኘው የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤቴ መስኮት ባሻገር ቆማ ወረቀቷ እስኪወጣ የነገረችኝና እንግዳው የሚባል ፈረስ ጠባቂ በኋላ ያወራኝ ነው። ከእኔ የበለጠ የሚያውቋት ሞልተዋል። ግን እነሱ ስለ እሷ የሚያወሩትን ስሰማ ነው ለመጻፍ የተነሣሁት። ይህን ያህል ሰው፣ በዓይኑ ያየውን ነገር ይህን ያህል ሲስት ዝም ብሎ መስማት ሰለቸኝ።

መጀመሪያ ያየኋት በጥቅምት፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት ነው። አቶ ሽባባው ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ውብአየሁና ከታላቅ እህታቸው ከእትዬ ደጊቱ ጋር ሆነው ወደ ሱቄ ገቡ። አቶ ሽባባው የከሰልና የድንች ነጋዴ ናቸው። ሁለት ኢሱዙ፣ አንድ ባለ ሁለት ፎቅ ቤት፣ ከሁለቱም ኢሱዙ አብልጠው የሚወዱት አንድ ዳማ ፈረስም አላቸው። ከኋላቸው ማናለብሽ ቆማለች፤ ቀጠን ያለች፣ የትምህርት ማስረጃዋን በፕላስቲክ ክላሰር ብብቷ ሥር የያዘች ልጅ።

«ውል ጻፍልን» አሉኝ አቶ ሽባባው። «ለቤዛዊት አስጠኚ ቀጥረናል። እዚያው ቤት እያደረች የምታስጠና፣ የምታበላ፣ የምታለብስ። አስጠኚም ሞግዚትም በላት።»

የአስጠኚ ውል ብዙ ጊዜ ሦስት ነጥብ ነው፦ ሥራው፣ ደሞዙ፣ መለያየት ሲመጣ የማስጠንቀቂያው ጊዜ። ሦስቱን ጽፌ ላትም ስል እትዬ ደጊቱ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«አልጨረስንም። ተራ ቁጥር አራት ብለህ ጻፍ። ልጅቱ ስትበላ አታያትም።»

ጣቴ ቆመ። «ማን ነው የማያያት፣ እትዬ?»

«ይቺው ናታ።»

ማናለብሽ ክላሰሩን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወረች። «ሳላያት እንዴት ላብላት፣ እትዬ?»

«ዞር ብለሽ።»

«ዞር ብዬ ጉርሻው ጆሮዋ ቢገባስ?»

ወይዘሮ ውብአየሁ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። እየሳቁ ነበር። እትዬ ደጊቱ ግን አልሳቁም። ተራ ቁጥር አምስት፣ ልጅቱን ቆንጆ ነሽ፣ አምሮብሻል አትላትም። ተራ ቁጥር ስድስት፣ የልጅቱን ልብስም ሆነ የጸጉሯን ቁራጭ ከግቢ አታወጣም። ተራ ቁጥር ሰባት፣ ያለ ፈቃድ እንግዳ አታስገባም። ስምንተኛው ምን እንደነበር አሁን ረሳሁት፤ ስለ መስተዋት የሆነ ነገር ይመስለኛል። እኔም ሁሉንም ጻፍኩ። ይህ ውል አይባልም ማለት ነበረብኝ። ግን በሕይወቴ ማለት የነበረብኝን ስንቱን ብያለሁ?

ነገሩ ወዲህ ነው። ቤዛዊት ስምንት ዓመቷ ነው፤ አንድ ልጃቸው ናት። ከመስከረም ወዲህ ትገረጣለች፣ ትደክማለች፣ ጠዋት ትራሷ ላይ ደም ይገኛል። ሐኪም አይቷት ደም ማነስ ነው ብሎ ሽሮፕ አዘዘላት። አፍንጫዋ እንደሚደማ ግን አልነገሩትም። «የቤት ገበና ለሐኪም አይዘረዘርም» ብለው የከለከሉት እትዬ ደጊቱ ናቸው። ከዚያ ከሐኪሙ ቃል የራሳቸውን ትርጉም ይዘው ወጡ፤ ደሟ ካነሰ የወሰደው አለ፣ የወሰደው ካለ የሚመጥ ሰው አለ። ቡዳ በልቷታል ተባለ። ከማናለብሽ በፊት የነበረችው አስጠኚ ዓይኗ ትልልቅ ስለነበር ብቻ በሳምንት ውስጥ ተሰናበተች።

«አባትሽ ምን ይሠራል?» አሏት እትዬ ደጊቱ ከመፈረሟ በፊት።

«ገበሬ ነው፤ አዘና አጠገብ። ገብስና ድንች።»

ቀጥለው በአገውኛ አንድ ነገር ጠየቋት። ማናለብሽም በአገውኛ መለሰችና ፈገግ አለች። እዚህ አገር ይህን ሁሉ ዘመን ኖሬ አገውኛ አለማወቄ ያን ቀን አናደደኝ። እስካሁንም ምን እንደተባባሉ አላውቅም። ስለ እናቷ ግን እንዳልጠየቋት አውቃለሁ፤ ዘር በአባት ነው የሚቆጠረው ብለው መሰለኝ። ማናለብሽ ፈረመች።

ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ የቤዛዊትን መልመጃ ኮፒ ለማድረግ ትመጣ ጀመር። መብራት ሲጠፋ፣ ማሽኑ ወረቀት ሲበላ፣ እየጠበቀች ታወራኛለች። ታስተምርበት የነበረው የግል ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሁለት ዓመት ያለ ሥራ ተቀምጣለች። ዲፕሎማዋን ወደ ዲግሪ ለማሳደግ በርቀት ትምህርት ተመዝግባለች። እንደ ገና ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዛ መቆም ነው ሐሳቧ። «አንድ ዓመት እዚህ ቤት ከቆየሁ ይበቃኛል» አለችኝ። «አንድ ዓመት ግድግዳ እያየሁ ማጉረስ እችላለሁ።»

እንደ እውነቱ ግድግዳም አልነበረም። ቤዛዊት ስትበላ ሁለት ሰው ጋቢ ወጥሮ ይይዛል፤ ልጅቱ ከጋቢው ወዲያ፣ አስጠኚዋ ከወዲህ። ሰሃኑ በጋቢው ሥር ይገባል።

«ማባዛት የማስተምራት ያኔ ነው» አለችኝ። «እኔ ከውጭ ስድስት ጊዜ ሰባት እላለሁ። እሷ ከውስጥ በአፏ ሙሉ አርባ ሁለት ትላለች። ጋቢ የያዙት ሰዎችም እስከ ዘጠኝ ድረስ ችለዋል።»

በኅዳር መጨረሻ አንድ ቀን መጣች። አልሳቀችም። ልጅቷ በግራ አፍንጫዋ ብቻ ነው የምትደማው አለችኝ። ቆይታም «ጋሼ፣ አፍንጫዬ ውስጥ የሆነ ነገር ይሄዳል አለችኝ» አለች።

«ምን ይሆን?» አልኩ።

«ባላገር ሆነው ይህን ይጠይቃሉ?»

ባላገር አይደለሁም፤ ግን ገባኝ። በዚያው ሳምንት ከተማው ሁሉ የሚያወራው ስለ አቶ ሽባባው ፈረስ ነበር። ለጥር ሃያ ሦስቱ የፈረሰኞች በዓል ሊጋልቡት እያሠለጠኑት ሳለ አፉ ደማ። የእንስሳት ሐኪም በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ ተመላልሶ ከምላሱ ሥር ሁለት አልቅት አወጣለት። እንዲህ ያለ ሰፈር የሚኖር ሰው አልቅት ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ከኩሬ ውሃ ጋር በከብት አፍ የሚገባ፣ ጉሮሮ ወይም አፍንጫ ውስጥ ተጣብቆ ደም እየመጠጠ የሚያብጥ ትል ነው። ሰውንም ይይዛል። ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም።

ማናለብሽ ልጅቱን ለብቻዋ ጠየቀቻት። «ፈረሱ ውሃ ሲጠጣ አብረሽ ወርደሽ ታውቂያለሽ?»

ቤዛዊት «ለማንም እንዳትነግሪ» አለች። ፈረስ ጠባቂው እንግዳው ፈረሱን ከግቢው በታች ወዳለው ኩሬ ሲያወርድ ይወስዳታል። ከሰፈር ልጆች ጋር እንዳትጫወት ስለተከለከለች ያላት ጨዋታ ያ ብቻ ነው። ፈረሱ ሲጠጣ እሷም ጎኑ በሆዷ ተኝታ እንደ እሱ በአፏ ትጠጣለች። የታሸገ ውሃ በካርቶን የሚገባበት ቤት ልጅ።

ማናለብሽ ለወላጆቿ ነገረቻቸው። የሆነውን የነገረችኝ በማግስቱ ነው፤ እጇ ጠረጴዛዬን እየመታ።

አቶ ሽባባው «ልጄን ከከብት ቆጠርሻት?» አሏት።

«ፈረሱን አይደል እንዴ ባለፈው ሳምንት ያሳከሙት፣ ጋሽ ሽባባው?»

«ፈረስ ፈረስ ነው። የኔ ልጅ ከቧንቧ እንኳ አትጠጣም።»

«ኩሬ ወርዳ ጠጥታለች። እንግዳውን ይጠይቁት።»

እንግዳው ተጠራ። ባርኔጣውን አውልቆ፣ ልጅቱ አንድም ቀን ከግቢ ወጥታ እንደማታውቅ በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ማለ። ቤዛዊት ተጠየቀች፤ እሷም እንግዳውን አየችና አልወረድኩም አለች። እትዬ ደጊቱ ነገሩን ዘጉት። «በዚህ ቤት የሚቀና ሰው እንጂ አልቅት አይገባም» አሉ።

እዚህ ላይ ነው እኔን የሚያናድደኝ። አልቅት የድሃ በሽታ ነው፤ ከብት ከሚጠጣበት መጠጣት ነው፤ ያሳፍራል። ቡዳ ግን የሚመጣው ያለው ሰው ዘንድ ነው። ሀብት ሲታይ፣ ልጅ ስታምር፣ ፈረስ ሲሰግር፣ ያኔ ነው የሚበላው። ስለዚህ ልጃቸው በትል ከምትመጠጥ በሰው መመጠጧን መረጡ። እንዲህ ብለው አልተናገሩም፤ የሠሩት ግን ይህንን ነው።

ታኅሣሥ ሲገባ እትዬ ደጊቱ ለዘመድ ተዝካር ግምጃ ቤት ወደምትባለው ከተማ ሄደው ገበያው ላይ ድስትና ገንቦ የምትሸጥ ሴት አዩ። ፊቷ ማናለብሽን ይመስላል። ጠየቁ። እናቷ ናት።

ሸክላ ሠሪ በእኛ አገር ምን እንደሚባል የማያውቅ የለም። በእጇ ድስት ሠርታ አገር የምታበላ ሴት በዓይኗ ሰው ትበላለች ይባላል። ድስቷን እንገዛለን፤ እሷን እንፈራለን። እኔም ቤት ሁለት ድስት አለ።

እንግዲህ ተባረረች ብዬ ጠበቅሁ። አላባረሯትም። ቡዳ ተቆጥታ ከሄደች የወሰደችውን ይዛ ትሄዳለች ተባለ። ክፍሏ እንድትቀመጥ፣ በሰዓቱ እንድትበላ፣ ደሞዟም እንዳይጓደል፣ ልጅቷን ግን እንዳታይ ተወሰነ።

«ጋሼ» አለችኝ፣ ኮፒ የምታደርገው ሳይኖራት መጥታ፣ «ደሞዝ እየከፈሉ ነው የሚፈሩኝ። ምግቤን በር ላይ አስቀምጠው ይሮጣሉ። ትላንት ጨው አነሰው ብዬ ብጣራ ማን እንደሚመጣ ዕጣ ተጣጣሉ።»

«አትሄጂም ታዲያ?»

«ልጅቷ ደረጃ መውጣት አቅቷታል። በግድግዳው በኩል ስታስል እሰማታለሁ። አፍንጫዋን በመብራት ያየ ሐኪም የለም። የት ልሂድ?»

ባሕር ዳር ይውሰዷት ይባል ነበር፤ ያን ሰሞን ግን መንገዱ ተዘግቷል። እዚሁ ሐኪም ይድገማት ሲባል እትዬ ደጊቱ «ቡዳው መብራት ሲያይ ይደበቃል» አሉ። ወይዘሮ ውብአየሁ አለቀሱ። አቶ ሽባባውም ለመጀመሪያ ጊዜ ፈረሱን ረሱት።

ከዚያ የመጣው ነገር እዚህ አገር ለተወለደ ሰው እንግዳ አይደለም። በቡዳ የተበላ ሰው የሚድነው የበላው ሰው ራሱ እንትፍ ሲልበት ነው ይባላል። ምራቁ የወሰደውን ይመልሳል። ስለዚህ አንድ ዓርብ ከሰዓት አቶ ሽባባው፣ ሰው ሁሉ ተነሥቶ የሚቀበላቸው ሰው፣ የማናለብሽ ክፍል በር ላይ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ቆሙ።

«ልጄን ማሪልኝ» አሏት። «አንድ ጊዜ እንትፍ በይባት። አልከስሽም፣ ለሰው አልናገርም፣ የፈለግሽውን ጠይቂኝ።»

«አፍንጫዋን የሚያይ ሐኪም ነው የምፈልገው።»

«ሌላ ጠይቂኝ።»

እንድታስብበት እስከ ማግስቱ ጠዋት ጊዜ ጠየቀች። ወደ እኔ የመጣችው ያኔ ነው። ማሽኑን አጠፋሁ። መስኮቱ ላይ ተደግፋ በዝግታ ተናገረች፤ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ለራሷ የምታስረዳ ይመስል።

«እንትፍ ካልኩ፣ ነኝ አልኩ ማለት ነው። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ እናቴም፣ የእህቴ ልጆችም ናቸው። ከዚያ በኋላ ልጅ አስተምሪ ብሎ የሚሰጠኝ ትምህርት ቤት የለም። አልልም ካልኩ ደግሞ ልጅቷን አያስጠጉኝም። ሌላ ሰው አልቅቱን እንዲያወጣላት ብለምን የሚያምን የለም። ቢያስጠጉኝ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። አባቴ ስንት በሬ ላይ አውጥቷል።»

ምን ልበላት? አንድ ጠቃሚ ቃል ይጠብቅ የነበረ ሰው ነው የተደገፈብኝ። እኔ ያልኩት «እግዜር ያውቃል» ነው። እሷም «እሱማ ያውቃል፤ ችግሩ እትዬ ደጊቱ አለማወቃቸው ነው» ብላ ሄደች።

በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት ማናለብሽ እሺ አለች። ግን እሷም በተራዋ ነጥብ በነጥብ አስቀመጠች። አንደኛ፣ ልጅቷ ከነጋ ጀምሮ ጠብታ ውሃ አይሰጣትም። ሁለተኛ፣ ቀዝቃዛ ውሃ የሞላ ሰፋ ያለ ሳፋ፣ አንድ እፍኝ አመድ፣ ጨው፣ ንጹሕ ጨርቅ። ሦስተኛ፣ የልጅቷ እናት አብረው ይገባሉ። አራተኛ፣ በሩ ይዘጋል። እትዬ ደጊቱ ሦስተኛውን ሰረዙ። እንትፍ ሲባል የተበላው ሰው እናት ካየች ወደ እሷ ይዞራል ይባላልና። ሌላውን ሁሉ፣ ከአልቅት ጋር የተያያዘ መሆኑን ማንም ሳይጠረጥር፣ የጥንቆላ ዕቃ መስሏቸው ተሯሩጠው አቀረቡ። ሳፋው ቀይ ይሁን ወይስ ነጭ ብለው ጠየቋት አሉ።

ውስጥ የሆነውን የማውቀው ከማናለብሽ ጥቂት፣ ከልጅቱም እናቷ ሰምተው ካወሩት ጥቂት ነው። ቤዛዊትን አልጋው ጠርዝ ላይ በሆዷ አስተኛቻት። ፊቷ ወደ ሳፋው፣ አፍንጫዋ ውሃውን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው። ልጅቱ ውሃው አምሯት ጠየቀች።

«አልጠጣውም?»

«አትጠጪም። የሚጠጣው ሌላ ነው። ዝም ብለሽ የስድስትን ማባዛት በይልኝ።»

ስድስት ጊዜ አንድ፣ ስድስት። ስድስት ጊዜ ሁለት፣ አሥራ ሁለት። የተጠማ አልቅት ቀዝቃዛ ውሃ ሲሸተው ራሱን ያወጣል። ልጅቱ ስድስት ጊዜ አምስት ላይ ስትደርስ ጫፉ ብቅ አለ፤ ማናለብሽ እጇን ስታነሣ ተመለሰ። ከአንድ እንደ ገና ጀመሩ። በሁለተኛው ዙርም ወጣ፣ ተመለሰ። በሦስተኛው ጊዜ ጣቶቿን አመድ ነክራ ጠበቀች፤ አመድ ካልነኩ ያንሸራትታል። ስድስት ጊዜ ዘጠኝ ላይ ያዘችው። አልጎተተችውም፤ ከጎተቱት ይቆረጣል። ልጅቱ እንዳትፈራ እያባበለች፣ ጨው እየነካች፣ በቀስታ እስኪለቅ ድረስ ያዘችው። የትንሽ ጣት ያህል ነበር፤ ጠቁሮ ያበጠ።

በሩን ከፈተችና ሳፋውን ይዛ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ቤተሰቡ ሁሉ ቆሟል። አልቅቱ ውሃው ውስጥ ይተጣጠፋል።

«ይኸው» አለች። «ቡዳው ይህ ነው። አሁን ሐኪም ዘንድ ወስዳችሁ ደሟን አስለኩላት።»

ሁሉም አየ። አቶ ሽባባው አዩ፣ ወይዘሮ ውብአየሁ አዩ፣ በመስኮት በኩል እንግዳው አየ። ያኔ ነገሩ ያልቃል ብሎ የማያስብ ማን ነው? እትዬ ደጊቱ ወደ ሳፋው ጎንበስ አሉ፣ በደንብ አዩት፣ ቀና አሉ።

«አያችሁ?» አሉ። «ምራቋ ነው ያስወጣው። አልቅት መስሎ ወጣ።»

ይህን እንግዳው ሲነግረኝ የእትዬ ደጊቱን አነጋገር እያስመሰለ ነው። ብስቅ ደስ ባለው። አልሳቅኩም።

«አንተስ?» አልኩት። «ኩሬ የወሰድካት አንተ አይደለህ? በቅዱስ ጊዮርጊስ ስትምል አላፈርክም?»

«አምስት ልጅ አለኝ፣ ጋሼ። ከዚያ ቤት ከወጣሁ እንደዚያ ያለ ፈረስ የሚሰጠኝ የለም።» ደግሞም «እውነት ግን እንትፍ ስትል በመስኮት ሰምቻለሁ» አለ።

«ልጅቷ ስታስነጥስ አይደለም የሰማኸው?»

«እንትፍ ነው።»

የእንግዳውን ምስክርነት ምን ያህል እንደምቆጥረው አንባቢ ያውቃል። ልጅቱ ደግሞ ተጠይቃ ፊቷ ሳፋ ላይ ስለነበር ምንም እንዳላየች ተናግራለች።

ቤዛዊት በሁለት ሳምንት ደረጃውን መሮጥ ጀመረች። ለጥር ሃያ ሦስት አባቷ ዳማውን በቀይ ከፈፍ አስጊጠው ሲጋልቡ፣ እሷ ከሕዝቡ ፊት ቆማ የገብስ ቆሎ ትበላ ነበር፤ ያለ ጋቢ። እኔም እዚያው ነበርኩ። በጤናዋ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አጠገቤ ያሉት ሴቶች እስኪናገሩ ድረስ። «ያቺ የአዘናዋ ቡዳ መለሰችላት» ይባባላሉ። «ጨዋ ቡዳ ናት፤ ስትለመን ትመልሳለች።»

ጨዋ ቡዳ። በአቶ ሽባባው ግቢ በር ላይ ልጅ ያዘሉ ሴቶች መሰለፍ ጀመሩ። አንዷ ጥርስ የሚያበቅል ልጅ፣ አንዷ ተቅማጥ የያዘው፣ አንድ ሰውዬ ደግሞ ጥጃውን ይዞ መጣ። ሁሉም እንትፍ እንድትልላቸው። ማናለብሽ በመስኮት ብቅ ብላ «ልጁን ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ጥጃውንም ከኩሬ አርቁት» ትላቸዋለች። እነሱም አላረካናት ይሆናል ብለው ዶሮ ይዘው ይመለሳሉ።

በጥር መጨረሻ አቶ ሽባባው ሱቄ መጡ። ብቻቸውን ነበሩ፤ ደስ ብሏቸዋል።

«ያን ውል አውጣው። አንድ ነጥብ እንጨምራለን። ከአራት እስከ ስምንት ያለውን ሰርዘው፤ ከእንግዲህ ብታያትም ግድ የለም። ተራ ቁጥር ዘጠኝ ብለህ ግን ጻፍልኝ። ልጅቱ ባመማት ጊዜ ሁሉ ሠራተኛዋ እንትፍ ትልላታለች። ደሞዟን እጥፍ አድርገው።»

«አቶ ሽባባው፣ አልቅት እኮ ነበር» አልኳቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ደፍሬ የተናገርኩበት ቀን ጥቂት ነው።

በትዕግሥት አዩኝ። «አልቅቱን አይቻለሁ። ልካድህ እንዴ? ግን አልቅቱን ማን አስገባው፣ ማንስ አስወጣው? አንተ ጻፍ።»

ጻፍኩ። ይህንን ስጽፍ አሁንም አፍራለሁ። ሁለት ኮፒ አተምኩላቸው።

ማናለብሽ ያን ወረቀት እንዳልፈረመች የሰማሁት ከእንግዳው ነው። አንብባው፣ በአራት አጥፋ፣ ወይዘሮ ውብአየሁ እጅ ላይ አስቀምጣ፣ ቤዛዊትን ግንባሯን ስማ ወጣች። እናትየዋ እስከ ባጃጁ ድረስ ተከትለዋት ሻንጣዋን አሲዘዋታል። እትዬ ደጊቱ ደግሞ ከኋላ ሆነው ተቆጥታ እንዳትሄድ መርቋት ብለዋል አሉ። የዲግሪ ትምህርቷም ከአንድ ሴሚስተር በኋላ ቆመ። የአንድ ዓመት ሐሳቧ በአራት ወር አለቀ።

ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት ባለፈው ማክሰኞ ነው። ዳንግላ አንድ ትምህርት ቤት መምህር ይፈልጋል ብላ ማመልከቻ ልታስጽፍ መጣች። እያስጻፈችኝ እያለች አንዲት ሴት በመንገድ ስታልፍ አየቻት፣ ያዘለችውን ሕፃን ፊት በነጠላ ሸፈነች፣ ትንሽ ሄዳ ደግሞ ቆመች፣ ተመልሳ መጣች።

«እህቴ» አለቻት፣ ነጠላውን ገለጥ አድርጋ፣ «አንድ ጊዜ ብቻ። ሌሊት አላስተኛን አለ።»

ማናለብሽ ሕፃኑን አየችው። «ጥርሱ ነው» አለቻት። «ድዱን በንጹሕ ጣትሽ እሺው።» ሴትዮዋ ቆማ ጠበቀች። የጠበቀችው አልመጣም፤ ቅር ብሏት ሄደች።

«ወሬው ዳንግላም ደርሶ ይሆን?» አለችኝ ማናለብሽ፣ ወደ ማመልከቻው ተመልሳ።

«ዳንግላ ሩቅ አይደለም» አልኩ። ወዲያው ምነው ባላልኩ አልኩ።

ወረቀቱ ከማሽኑ እየወጣ ነበር። ከታኅሣሥ ጀምሮ ውስጤ የቆየ ጥያቄ አለ። ከተማው ሁሉ እንትፍ ብላለች ይላል፤ እንግዳው ሰምቻለሁ ይላል፤ ልጅቱ አላየሁም ትላለች። ካላለች፣ ከዚያ በር በወጣችበት ሰዓት «እንትፍ አላልኩም» ብላ መናገር ትችል ነበር፤ አንድም ቀን አልተናገረችም። ካለች ደግሞ ልጅቷን ለማትረፍ የገዛ እናቷን ስም ሰጥታለች ማለት ነው። ልጠይቃት እንደማይገባኝ አውቃለሁ። ግን እጽፋለሁ ብዬ ወስኜ ነበርና እውነቱን ልያዝ አልኩ።

«ማናለብሽ» አልኳት፣ «ያን ቀን፣ በሩ ከተዘጋ በኋላ፣ እውነት እንትፍ ብለሽባት ነበር?»

ማመልከቻውን ከማሽኑ ላይ አንሥታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው።

«ሁለተኛው ገጽ ጠቁሯል፣ ጋሼ» አለች። «እንደ ገና ያውጡልኝ።»